ያላነበባችሁትን አትመስክሩ

የሐዋሳ ወገኖቼ፣ ሰሞኑን በፒያሳ ቡና ቤቶችም ሆነ በፍቅር ሐይቅ ዳር ባሉት ዛፎች ጥላ ሥር ስለ መጻሕፍት ስትጫወቱ የምሰማው ነገር ዝም እንዳልል አስገድዶኛል። መጽሐፍ የጨዋታችሁ ርእስ መሆኑ ደስ ያሰኘኛል። ያሳዘነኝ ግን ከምትናገሩት ብዙው ከመጽሐፉ የተገኘ ሳይሆን ስለ መጽሐፉ ከተወራው የተለቀመ መሆኑ ነው። አንዱ የጀርባ ሽፋኑን አንብቦ ያደንቃል፣ ሌላው በስልኩ የደረሰውን የሦስት ደቂቃ ቅንጭብ ሰምቶ ያወግዛል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱን ክርክር አዳምጦ ማታ ለቤተሰቡ እንዳነበበ ሰው ይተርካል። በሽምግልና ፊት የቀረበ ምስክር ያየውን ከሰማው ለይቶ እንዲናገር ይጠየቃል፤ የሰማውን እንዳየው አድርጎ ቢናገር ከሰው ፊት ይዋረዳል። በመጽሐፍ ላይ ስንመሰክር ግን ይህን ጥያቄ የሚያቀርብልን ሰው ስለሌለ፣ እኛም ራሳችንን መጠየቅ ትተናል።

ይህን የምላችሁ ከጥፋቱ ነጻ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ክረምት፣ እሑድ እሑድ ከምንሰበሰበው ወዳጆች ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ስለ አንድ አዲስ የታሪክ መጽሐፍ አስተያየቴን ተጠየቅሁ። መጽሐፉን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አቋርጬው ነበር፤ ሆኖም ይህን ሳልናገር፣ ጸሐፊው የአንዱን ወገን በደል ብቻ ነው የጻፈው ብዬ በድፍረት ፈረድኩ። ከመካከላችን በዕድሜ ታናሽ የሆነችው፣ በነርስነት የምታገለግለው እኅታችን፣ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ በስድስተኛው ምዕራፍ የሌላው ወገን አቤቱታ ከነምስክሮቹ የሰፈረባቸውን ገጾች ገለጠችና፣ «ጋሼ፣ ይህን እንዴት አዩት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያሳመመኝ በታናሼ መረታቴ ሳይሆን፣ በዚያ ሰዓት ከእኔ አፍ ሰምተው መጽሐፉን ላለመግዛት የወሰኑ ሁለት ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ መሆናቸው ነው። በማላውቀው ሰው የዓመታት ድካም ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ።

ነባሮቹን መጻሕፍት እንኳ በዚሁ ዓይነት እየበደልናቸው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን በስም የማያውቅ በመካከላችን የለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ትረካም መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ወደማያውቁ ብዙ ቤቶች አስገብቶታል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በተነሣ ቁጥር የምሰማው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ ነው። ወላጆቹ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲሆን የተሳሉት ስለት በዛብህን ዕድሜውን ሙሉ እንዴት እንዳሰረው፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ እንዴት እንደ ተነሡ፣ ጉዱ ካሳም ስለ ሥርዓትና ስለ ልማድ የሚናገረው ሁሉ በወሬያችን ውስጥ ቦታ የለውም። አባታቸው ጭሰኛ የነበሩ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ፣ «በዚህ ዕድሜዬ የፍቅር ወሬ ምን ያደርግልኛል?» እያሉ መጽሐፉን ሳይከፍቱ አርጅተዋል። አንድ ማታ ገበሬዎቹ ከፊታውራሪው ጋር የሚጋጩበትን ክፍል አነበብኩላቸው። ጸጥ ብለው አዳመጡና በማግስቱ ልጃቸውን ልከው መጽሐፉን አስወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር ስለ ራሳቸው አባትና ስለ ባለርስቱ ያወሩኝ ጀመር። «የፍቅር ታሪክ ነው» ያላቸው ሰው አልዋሸም፤ ነገር ግን በዚያች አጭር ቃል እኒህን ሰው ከገዛ ታሪካቸው ለብዙ ዘመን አራርቋቸዋል።

ታዲያ እንዴት እንናገር ለምትሉ፣ ምሳሌውን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻችሁም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ንባብ ሳያደላድል ወደ ትርጓሜ የሚገባ ተማሪ የለም። የትርጓሜ መምህሩም በቅድሚያ ንባቡን ያሰማል፣ ከዚያ ፍቺውን ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን መንገድ ይከፍታል፤ ሁለተኛው «አንድም» ሲመጣ የመጀመሪያው አይሻርም፣ ጎን ለጎን ይቆማል። እኛ በዚህ ሥርዓት ብንሄድ ኖሮ ክርክራችን ምንኛ በተለወጠ ነበር። መጽሐፉ ምን እንዳለ በታማኝነት ትናገራላችሁ፤ ቀጥሎ እናንተ ምን እንዳሰባችሁ ትናገራላችሁ፤ ወዳጃችሁ ሌላ ነገር ካየበት ደግሞ ያንን እንደ ስድብ ሳትቆጥሩ ከእናንተው አጠገብ ታስቀምጣላችሁ። «ቆንጆ መጽሐፍ ነው» ማለት አስተያየት አይደለም፤ «አይረባም» ማለትም እንዲሁ። የትኛው ምዕራፍ እንቅልፍ እንደ ነሳችሁ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ የምታውቁትን ሰው እንዳስታወሳችሁ፣ የት ላይ ሰልችቷችሁ እንዳስቀመጣችሁት ንገሩን። ካልጨረሳችሁት፣ አልጨረስኩትም ማለት ከቶ አያሳፍርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፍ ሲነሣ ገና ገጹ ሳይገለጥ «ደራሲው የማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ እየቀደመ መጥቷል፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ ማንበብ የቀረ ይመስል፣ ሙገሳውም ውግዘቱም ወዲያው ይወርዳል። በደራሲው ማንነት በመጽሐፉ ላይ መፍረድ፣ በመጽሐፉም በደራሲው ላይ መፍረድ ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ከታሪካችን አይተናል፤ በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን ባሳተመ ጊዜ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ያን ያደረጉት እጆች የእናንተ አይደሉም። ነገር ግን ያላነበቡትን ሰው «ዝም ሊያሰኙት ይገባል» የሚል ቃል በዚህች ከተማ፣ በሰላማዊ የቡና ጨዋታ መካከል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ተናጋሪውን የገሠጸውም አልነበረም። እኔም አልገሠጽኩትም፤ ይኸው ዛሬ ነው መናገሬ።

ሐዋሳ በብዙ ቋንቋ የሚነበብባት ከተማ ናት። በሲዳምኛ በላቲን ፊደል የተጻፈውን የሚያነብ ወጣት፣ በወላይትኛ የሚያነብ መምህር፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚያነቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ። እኔ ሲዳምኛውን ማንበብ አልችልም፤ ስለዚህ በዚያ ቋንቋ ስለ ተጻፈ መጽሐፍ የማውቀው ያነበበው ጎረቤቴ በአማርኛ የሚነግረኝን ብቻ ነው። እርሱ በወገንተኝነት ቢያገንነው ወይም በቸልታ ቢያቃልለው፣ እኔ የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም። በዚህ ከተማ የአንባቢ ቃል ለጎረቤቱ ዓይን መሆኑን ተረዱ፤ እንግዲህ ያነበባችሁትን ዋጥ አድርጋችሁ የምትቀመጡትም ከወቀሳው አታመልጡም።

መጻሕፍትን በክንዳቸው ደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ በየካፌው የሚዞሩትን አዟሪዎች ደግሞ ተመልከቱ። አንዱን ወጣት አዟሪ ጠይቄው፣ ከደረደራቸው ውስጥ ሰው የሚጠይቀው በዚያ ሳምንት የተወራለትን ብቻ እንደ ሆነ፣ ያልተወራላቸውን ሸክም ስለሆኑበት መያዝ እንደ ተወ ነገረኝ። በፒዲኤፍ ያለ ፈቃድ የምትቀባበሉትም እንጀራውን እንደምትቀንሱበት አትርሱ፤ የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ያስከብራል፣ የአዟሪውን ድካም የሚያስከብርለት ግን የእናንተ ኅሊና ነው። በእጃችሁ ያለውን፣ ማንም ያላወራለትን አንድ መጽሐፍ አንብባችሁ ለሦስት ሰዎች በሚገባ ብትነግሩ፣ ያ ወጣት በክንዱ የሚደረድረው ይለወጣል።

እኅታችን የገለጠችልኝን መጽሐፍ አሁን ጨርሼዋለሁ። ስድስተኛው ምዕራፍ እንዳለችው ነው፤ የምነቅፈውም አለኝ፣ በዘጠነኛው ምዕራፍ ጸሐፊው የአንድን አዛውንት ቃል ብቻ ይዞ ከባድ መደምደሚያ ላይ ደርሷል። በመጪው እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር በዚያው ቦታ ሁለቱንም ገጾች ገልጬ አሳያለሁ፤ በክረምቱ የፈረድኩትንም፣ ያን ጊዜ የሰሙኝ ሁለቱ ሰዎች ባሉበት፣ አነሣለሁ። መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ኑ።