ገዳዩን ከገጽ 12 ጀምሮ ያወቁት ሰዎች

ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ አንብቦ «ተሸወድኩ» የሚል ሰው አገራችን ገና አላፈራችም። መጽሐፉን ከፍቶ እስኪዘጋ ከዘበኛው ወደ እንጀራ አባትየው፣ ከእንጀራ አባትየው ወደ ሐኪሙ ሲንከራተት የከረመ አንባቢ፣ ገዳይዋ የሟች እህት ሆና ስትገኝ ለጥቂት ጊዜ አፉን ከፍቶ ይቀራል። አፉን ሲዘጋ ግን «እኔ'ኮ ከመጀመሪያውም አላማረችኝም ነበር» ይላል። አላማረችውም ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ማንም አላማረውም ነበር። 27 ገጸ ባሕርያት ባሉበት መጽሐፍ 27ቱንም የጠረጠረ ሰው አንዷን ማግኘቱ ሒሳብ እንጂ ብልሃት አይደለም።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማፋጠጥ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በምን አወቅህ? የቱ ጋ ስትደርስ? ካወቅህ በኋላ ቀሪውን 180 ገጽ ለምን አነበብክ? ለመጀመሪያው «ሁኔታዋ» ብሎ ይመልሳል። ለሁለተኛው «እዛ ጋ… ልደት የሚያከብሩበት ቦታ» ይላል፤ ልደቱ ላይ ልጅቷ እንዳልነበረች ብትነግሩት «መቅረቷ ነዋ ያስጠረጠረኝ» ብሎ ያልፋችኋል። ሦስተኛው ላይ ወሬው ወደ መጽሐፍ ዋጋ መናር ይዞራል።

ደራሲው ይህን ሰው አሳምሮ ያውቀዋል፤ ጨዋታውም የሚሠራው እሱን ታሳቢ አድርጎ ነው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለወንጀል ምርመራ ልብወለድ ዐሥር ትእዛዛት አውጥቶ ነበር። (ቄስ እንደመሆኑ «አትግደል» የምትለው ትበቃው ነበር፤ እሱ ግን የአገዳደሉን ሥርዓት አበጀ።) የመጀመሪያው ትእዛዝ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ስሙ የተነሣ ሰው ይሁን፣ ነገር ግን አንባቢው ውስጠ ሐሳቡን ሲከታተለው የቆየ ሰው አይሁን ይላል። የምስጢር በር ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ማንም የማያውቀው መርዝ አይፈጠርም። መርማሪው ራሱ ገዳይ አይሆንም። መንታ የሚመጣ ከሆነ አንባቢው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ይህች የመጨረሻዋ እኛ ዘንድ ገና አልደረሰችም፤ መጽሐፉ ሊያልቅ ዐሥራ አምስት ገጽ ሲቀረው ከአሜሪካ የሚመጣ መንታ ወንድም አሁንም ቪዛ ያገኛል።

ጎበዝ ደራሲ ፍንጩን አይደብቀውም፤ ዕቃ መሃል ያስቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ የሲጋራ መተርኮሻ፣ የዕለቱ ጋዜጣ፣ የሴት ጓንት፣ የመኪና ቁልፍና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ነበር ይላል። ሰው ከዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይይዛል፣ መሃሉን ይጥላል፤ ስለዚህ አንባቢው ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ውሃውን ሲመረምር ይከርማል። ለጥንቃቄ ደግሞ ከዝርዝሩ ቀጥሎ ስልክ ይጮሃል። በጨዋ መጽሐፍ ውስጥ ስልክ ያለምክንያት አይጮህም። በጮኸ ቁጥር ወደኋላ ሁለት አንቀጽ ተመልሶ የተቆጠሩትን ዕቃዎች መሃል ላይ ያለውን ማየት ነው፤ ከግማሽ በላይ ጊዜ ጓንቱ እዚያ ተኝቷል።

ይህ ሁሉ ግን በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት፤ ግሱ አፈ ቀላል ነው። ፊቱ የማይታይ ሰው በጨለማ በመስኮት ዘልሎ እንዲገባ ከተፈለገ «ገባ» ወይም «ገባች» ማለት የግድ ነው። «ገባች» ካልን፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለት ከሆኑና አንዷ ቀድማ ከሞተች፣ ምርመራው በገጽ 9 ተጠናቀቀ ማለት ነው። «ጥላው ገባ» ብለን በወንድ ካለፍነው ደግሞ መጨረሻ ላይ ጥላው ቀሚስ ለብሶ ሲገኝ አንባቢ ይጮሃል፤ እውነትም አለው።

መሸሸጊያው ጥቂት ነው። አንደኛው አድራጊውን ማጥፋት ነው፦ በሩ ተከፈተ፣ መሳቢያው ተሳበ፣ ቢላዋው ተነሣ። ቤቱ ጠበል የሚያስፈልገው ይመስላል፣ ልምድ ያለው አንባቢም ዕቃው በራሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር «ሴት ናት» ብሎ ይፈርዳል። ሁለተኛው ገዳዩን ራሱን ማናገር ነው፦ «ገባሁ፣ አየሁት፣ መታሁት።» በዚህ ጾታ አይታወቅም፤ መጽሐፎቻችን ውስጥ ስሙ ሳይነገር በየሁለት ምዕራፉ ብቅ እያለ ስለ ልጅነቱ የሚያለቅስ ገዳይ የበዛውም ሳይኮሎጂ ስለገባን አይመስለኝም፤ ሰዋስው ጨንቆን ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚሻለው አክብሮት ነው። «ገቡ» ሲባል አንድ ሽማግሌ ይሁኑ፣ አንዲት ባልቴት፣ ወይም አራት ሌቦች፣ ማንም አያውቅም። ጾታም ቁጥርም በአንድ ፊደል ተሰወረ። በዚህ ረገድ አንቱታ ከጭምብል ይበልጣል።

አንቱታ ግን መልሶ ያጋልጣል። መጋለጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ በደራሲው ስንፍና ነው። 200 ገጽ ሙሉ «ተናገሩ፣ ተቀመጡ፣ ቡናቸውን ፉት አሉ» ሲባሉ የኖሩት ባለጸጋ፣ መርማሪው ጣቱን የቀሰረባቸው ደቂቃ «ሰውየው ላብ አጠመቀው፤ ተንተባተበ» ይባላሉ። ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ፣ ቃላቸው ሳይሰማ፣ መጀመሪያ የሚገፈፈው ማዕረጋቸው ነው። ቸኩሎ የጻፈ ደራሲ ታዲያ ይህን ግፈፋ ከጊዜው በፊት ይጀምረዋል። ገጽ 140 ላይ ምክንያቱ ሳይታወቅ «እሳቸው» የነበሩት «እሱ» ከሆኑ፣ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል። አለዚያም አራሚው አንቀላፍቷል፤ በእኛ ኅትመት ይህን ሁለተኛውን ተጠርጣሪ ከመዝገብ መሰረዝ አይቻልም።

ወደ ትርጉሞቹ ስንመጣ ነገሩ ከጾታ ወደ ሰዓት ይሸጋገራል። መርማሪው «ማታ 11 ሰዓት ላይ የት ነበርክ?» ይላል፤ ተጠርጣሪው «ድቅድቅ ጨለማ ነበር፣ እንቅልፍ ወስዶኛል» ብሎ ይመልሳል። በእኛ 11 ሰዓት ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ተማሪ ደብተሩን ይዞ ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ነው። ሰዓቱን ሳይለውጥ የተረጎመ ሰው ለገዳዩ ስድስት ሰዓት በነጻ ሰጠው፤ በስድስት ሰዓት ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐዋሳ ደርሶ ዓሣውን በልቶ ምስክር አበጅቶ ይቀመጣል። ከዚህ የሚብሰው ምዕራፍ ሦስት ላይ ለውጦ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ የረሳው ነው። እርሳስ ይዞ በየሰዓቱ አጠገብ የፈረንጅ ከሆነ «ፈ»፣ የሐበሻ ከሆነ «ሐ» ማለት ይረዳል። መጽሐፉ ሲያልቅ «ፈ» እና «ሐ» ተደባልቀው ከተገኙ፣ ገዳዩ ተርጓሚው ነው። በማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ያደጉ አንባቢዎች ዛሬም ድረስ ካፌ ውስጥ ብቻውን ጋዜጣ የያዘ ሰው ሲያዩ ጆሮ ጠቢ ነው የሚሉትን ያህል፣ ሰዓት ላይ ቢጠራጠሩ ጥሩ ነበር።

መርዝ ደግሞ የባሰ ፈተና ነው። እንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብወለድ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ሠርታለች፤ ስለዚህ መርዟ የተመጠነ ነው፣ ሟቿም ለዚህ የሚመች ሰው ነው፦ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ትሪ፣ የራሱ ፍንጃል ያለው፣ ሻዩን ለብቻው የሚጠጣ። ይህን ወስዶ የእኛ ቡና ላይ ልትከል የሚል ደራሲ አበሳውን ያያል። ጀበናው ውስጥ ከገባ ቀጂዋን ጨምሮ ቤቱ ሁሉ ያልቃል፤ ከሞቱት አንዷ ራሷ ገዳይዋ ትሆናለች። ሲኒ ውስጥ እንዳይደረግ ሲኒው ሰው ሁሉ እያየው ታጥቦ ረከቦት ላይ ተደርድሯል፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስም አይታወቅም። «በዕድሜ ነው የሚሰጠው፣ መጀመሪያ ለትልቅ ሰው» ብሎ የተማመነ ገዳይ ካለ ደግሞ ይሉኝታን ረስቷል። ትልቁ ሰውዬ «ለእንግዳዋ ስጫት» ይላሉ። እንግዳዋ «ኧረ እሳቸው ይቅደሙ» ትላለች። ሲኒው በአራት እጅ ይዞራል። «በሞቴ ውሰጂ» የሚል ይገኛል፤ ቃሉ በዚያች ቀን የምሩን ይሆናል። በመጨረሻ ሲኒው የሚያርፈው «ቡና አልጠጣም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል» ሲል የነበረው ሰው እጅ ላይ ነው።

ለይቶ የሚመታው መንገድ ጉርሻ ብቻ ነው። እሱም በምስክር ፊት፣ በራስ እጅ፣ ከንፈር ድረስ ሄዶ የሚፈጸም ወንጀል ነው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም መድገም ግዴታ ነው። ሰውየው ሞተ እንበል። በእንግሊዝ መንደር መርማሪው «ማንም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» ይላል። እኛ ጋ የሚያስቸግረው የሚገባው ነው። ፖሊስ እስኪደርስ ጎረቤት ሞልቷል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ የዕድር ወንበር ተራግፏል፤ ሁለት ሩህሩህ ሴቶች «ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮማ አይሆንም» ብለው የሟቹን ሳህን፣ ብርጭቆና ሲኒ በፈላ ውሃ አጥበው ደፍተውታል። ወለሉ ላይ የ150 ሰው ጫማ አለ፣ አንዱም ጥንድ ሆኖ አልተገኘም። ለዚህ ይመስለኛል የአማርኛ ገዳይ ሟቹን አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል ይዞት የሚሄደው።

ይህን ሁሉ አልፎ ጥሩ መጽሐፍ ቢጻፍ እንኳ አንድ አደጋ ይቀራል፤ ያነበበው ሰው። ለንደን ውስጥ «የአይጥ ወጥመድ» የተባለው የክሪስቲ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ፣ ለኮሮና ከተዘጋበት ጊዜ በቀር እስካሁን ይታያል። ሲያልቅ ተመልካቹ መጨረሻውን ለማንም እንዳይናገር ይለመናል፤ አብዛኛውም ቃሉን ጠብቋል። ይህ ልመና ብሔራዊ ቴአትር ቢቀርብ ምስጢሩ ለገሃር ሳይደርስ ያልቅ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ደግነት ነው። «ጫፏን ብቻ ልንገርህ፣ እንድትጓጓ» ይላል ሰውዬው፤ ያቺ ጫፍ ሁልጊዜ የኋለኛዋ ጫፍ ናት። ሚኒባስ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ የሚያነብ ሰው ደግሞ ለሦስት ሰው ነው የሚያነበው። በስተቀኝ ያለው ቀድሞ ይጨርስና «ግለጠው» ይላል፣ በስተግራ ያለችው «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ትላለች፣ ሲወርዱ ሁለቱም መጽሐፉን አንብቤዋለሁ ይላሉ።

ጫፍ ነጋሪዎች ሲከሰሱ አንዳንዱ የተማረ ጠበቃ የልብ አንጠልጣይ ፊልም ዳይሬክተሩን ሒችኮክን ይጠራል። እሱ ያለው እንዲህ ነው፦ ሰዎች የሚያወሩበት ጠረጴዛ ሥር ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለዐሥራ አምስት ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ እንዳለ አስቀድሞ ቢነገረው ግን ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ልቡ ይንጠለጠላል። «ስለዚህ መንገር ይጠቅማል!» ይላሉ። ሒችኮክ የነገረው ቦምብ መኖሩን ነው። ማን እንዳስቀመጠው፣ ይፈንዳ አይፈንዳ፣ ሚስትየዋ ቀድማ ትውጣ አትውጣ አልነገረም። የእኛ ጫፍ ነጋሪ ከቦምቡ ጋር የቀብሩን ቀን ጨምሮ ነው የሚነግር።

አሮጌ መጽሐፍ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅም ነገር ላክል። በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ ሽፋኑ ወደኋላ እየታጠፈ ሲነበብ ሙጫው ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ የሚረግፉት የፊተኛውና የኋለኛው ቅጠል ናቸው። ለፍቅር ታሪክ ይህ ችግር የለውም፤ መጋባታቸው ይገመታል። በምርመራ መጽሐፍ ግን የረገፈው ቅጠል ገዳዩ ነው። አዟሪው ፊት ቆሞ የመጨረሻውን ገጽ ማንበብ ራስን መግደል ስለሆነ መጽሐፉን ገልብጦ፣ ፊደሉን ቁልቁል አድርጎ ማየት ነው። ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ አራት ነጥብ፣ ከአራት ነጥቡ በኋላ ባዶ ቦታ። ጽሑፉ እስከ ገጹ ጠርዝ ደርሶ ነጥብ ከሌለው ቀሪው የለም፤ አዟሪው «ሁለተኛ ክፍል አለው» ቢል አትመኑት። ኅዳጉንም ገረፍ አድርጎ ማየት ይበጃል። የቀድሞው ባለቤት እርሳስ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ገጽ 31 ላይ፣ ከአንድ ሰው ስም አጠገብ «ይሄ ነው!!» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ግን አይደንግጡ፤ በገጽ 58፣ 77 እና 103ም ተጽፏል፣ ሁሉም ስለተለያየ ሰው።

ማዋስ ላይ ያለው መፍትሔ ጨካኝ ቢሆንም ሠርቷል። የመጨረሻውን 16 ገጽ በምላጭ ከጥራዙ ለይቶ ቤት ማስቀረት፣ ቀሪውን ማዋስ፣ ተዋሹ መጽሐፉን ሲመልስ በሩ ላይ ቆሞ መጨረሻውን እንዲያነብ መስጠት። መጽሐፉ በሦስት ቀን ይመለሳል፤ ከዚህ በፊት «ልጨርሰው ትንሽ ቀርቶኛል» እየተባለ ዓመት ይቀመጥ የነበረው ማለት ነው። የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ተዋሹ ትንፋሽ አጥሮት፣ መጽሐፉን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ማታ ሦስት ሰዓት (የሐበሻ) በር ሲያንኳኳ፣ ያቺን 16 ገጽ የቤቱ ታናሽ ልጅ «አንዴ ልያት» ለምትል የጎረቤት ልጅ ሰጥቷታል።