ማስተካከያ፦ ተርቱሊያን ቴአትርን የተቃወመበት ምክንያት

ቀደም ባለው ጽሑፌ፣ በሰሜን አፍሪካ የካርታጎ ከተማ ሰው የነበረው ክርስቲያናዊ ጸሐፊ ተርቱሊያን እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ክርስቲያኖችን ከቴአትርና ከአደባባይ ትርኢት የከለከለው በደም መፋሰሱና በብልግናው ብቻ እንደ ሆነ መጻፌ ስሕተት ነው። ስለ ትርኢቶች በላቲን የጻፈው ድርሰት ራሱ እንደሚያሳየው፣ እነዚህን ነውሮች አጥብቆ ቢነቅፍም ቀዳሚ ክሱ ጣዖት አምልኮ ነው፤ በጥምቀት ጊዜ ሰይጣንን ከነሰልፉና ከነመላእክቱ የካደ ምእመን ለአማልክት ክብር በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ ሊቀመጥ አይገባውም ይላል። ለዚህም የሮም ጦር መሪ የነበረው ፖምፔይ ሮም ውስጥ ያሠራውን ቴአትር ይጠቅሳል፦ ከተመልካቹ መቀመጫ በላይ የሮማውያን የፍቅር አምላክ የቬኑስን መቅደስ አቁሞ፣ ሕንፃውን ቴአትር ሳይሆን መቅደስ ብሎ መረቀው። በእኔ አስተያየት ከድርሰቱ ሁሉ ጉልህ የሆነው ማስረጃ ይህ ነው። ስለዚህ «ደም የማይፈስበትን ቴአትር አይቃወምም ነበር» ያልሁት ድምዳሜም አይጸናም፤ ጽሑፉን ያጋራችሁ ሁሉ ይህን እርማት አያይዛችሁ እንድታጋሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።