ቤታ ዓሣ የጠርሙስ ዓሣ አይደለም

ወንድሜ፣ «ቤታ አየር ስለሚተነፍስ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃዋል» ያልከው ልክ አይደለም። አየር መተንፈሱስ እውነት ነው። ውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት ስንጥቡ አጠገብ ላቢሪንት የሚባል አካል ስላለው ብቅ እያለ አየር ይጎርሳል። ከቆሻሻ ግን አያድነውም። ከራሱ የሚወጣው አሞኒያ ትንሽ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይከማቻል፤ ስንጥቡን ያቃጥለዋል።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀመጠችው ቤታ ክንፎቹን አጣብቆ ሥር ላይ ተጋድሞ ነበር። ሰፊ ገንዳ ስትሰጠው ቀስ በቀስ እንደ ነጠላ ዘረጋቸው። ሳየው አንጀቴ ራሰ!

የትውልድ አገሩ ታይላንድ ነው፤ እዚያ የሚኖርበት የሩዝ ማሳ ጥልቀት ባይኖረውም ሰፊ ነው። ቢያንስ 20 ሊትር ስጠው። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማዋል። ለሐረር ሌሊት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት አርቀው።