ዱባይን ሳያዩ ጎብኝተው ለሚመለሱ ጀግኖች

ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች ሁልጊዜ ይረሳሉ። ሯጮቻችንን በአበባ እንቀበላለን፣ ዘማቾቻችንን በየዓመቱ እናስባለን። ከቦሌ ተነስተው በአራት ቀን ዱባይን «ጎብኝተው»፣ ከተማዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ የሚመለሱ ወገኖቻችንን ግን ከዘመድ በቀር የሚቀበላቸው የለም። ዘመድም ቢሆን የሚመጣው ዕቃውን ሊወስድ ነው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳር ላይ በረጅሙ ከተዘረጋች ከተማ ገብቶ፣ አራት ቀን ተንሸራሽሮ፣ ውኃው እግርን ሳያርስ መውጣት ችሎታ ይጠይቃል። እቅድም ይጠይቃል። የእኛ ሰው ደግሞ እቅድ ላይ ማን ይስተካከለዋል!

ላላዋቂ ጎብኚ ዝግጅት ማለት ስለሚሄድበት አገር ጥቂት ማንበብ፣ ካርታ ማየት፣ ሜትሮው ከየት የት እንደሚያደርስ ማጣራት ነው። የእኛዎቹ ይህን ደረጃ ካለፉት ቆይተዋል። የእነሱ ዝግጅት የሚጀምረው በልብስ ነው። ለበረሃው ነጭ ቀሚስ፣ ለፎቁ ቀይ፣ ለሞሉ ባልና ሚስት የሚመሳሰሉበት ቲሸርት። ልብሱ ሲያልቅ ቪዛ ይጠየቃል። አንዱ ባል «ለመሆኑ ዱባይ የየትኛው ባሕር ዳር ናት?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ዓይኑን ሳያሽ «የቀይ ባሕር ነዋ!» አለ። አንፈርድበትም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር በተባለ ቁጥር ትዝ የሚለን አንድ ባሕር ብቻ ነው፤ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይቅር ይበለን።

የጉዞ ጥቅሉ ራሱ የሒሳብ ሊቅ የሠራው ነው። «አራት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፣ ቁርስና ቪዛን ጨምሮ» ይላል። የመጀመሪያው ቀን በጉዞና በእንቅልፍ ያልቃል፤ የመጨረሻው ሻንጣ በመክተት። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ የገበያ ነው፤ እሱን የሚነካ የለም። ስለዚህ ለፎቁ፣ ለበረሃው፣ ለአሮጌው ከተማ፣ ለባሕሩና አቡ ዳቢ ድረስ ለሚያስኬደው ትልቁ መስጊድ የሚመደበው አንድ ቀን ይሆናል። አንድ ቀን ደግሞ ለአስተዋይ ሰው ይተርፋል፤ ግማሹን ለምሳ ይሰጠዋል።

ምሳው ሽሮ ነው። እዚህ ላይ ባርኔጣ ማንሳት ይገባል። አራት ሰዓት በአየር ተጉዘው፣ የሕንዱም የኢራኑም የፊሊፒኑም ምግብ ቤት ተሰልፎ የሚጠብቅበት ዴይራ ሰፈር ደርሰው፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የሐበሻ ቤት የት ነው?» ነው። አገኙት። በሉ። ከዚያም «እንጀራው የአገር ቤቱን አይሆንም» ብለው አዘኑ። አገር ናፍቆት መሆኑ ነው፤ ከወጡ ገና አንድ ሌሊት ቢያልፋቸው ነው።

ከዚያ ምግብ ቤት ትንሽ በእግር ቢሄዱ ክሪኩ ጋ ይደርሱ ነበር። ክሪክ የሚሉት ከባሕሩ ተነስቶ ወደ ከተማዋ ውስጥ የገባውን የውኃ ክንድ ነው፤ በአንድ በኩሉ ዴይራ፣ በሌላው ቡር ዱባይ። ከባሕር ሥር ዕንቁ የሚለቅሙ ጠላቂዎች ጀልባ የሚወጣው ከዚህ ነበር። ዛሬም ትልልቅ የእንጨት ጀልባዎች ዳር ላይ ተደርድረው ፍሪጅና ጎማ እስከ አንገታቸው ሲጫኑ ይታያሉ። አብራ የምትባለዋ ትንሽ ጀልባ በ1 ድርሃም ወዲያ ማዶ ታሻግራለች፤ ማዶ ላይ በ1787 እ.ኤ.አ. የተሠራው የአል ፋሂዲ ምሽግና ንፋስ የሚስቡ ማማዎች ያሏቸው አሮጌ ቤቶች አሉ።

ጀግኖቻችን ግን አይሞኙም። የወርቅ ገበያው ድረስ ይመጣሉ፣ የቅመም ገበያውን «ይሄማ መርካቶም አለ» ብለው በአፍንጫቸው ያልፉታል፤ ውኃው ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ይመለሳሉ። ትክክል ናቸው። በ1 ድርሃም የሚገኝ ነገር አገር ቤት ገብተው ምን ብለው ያወሩታል? «ጀልባ ተሳፈርኩ» ቢሉ ባሕር ዳር የሄዱ ይመስለዋል ሰው።

ፎቁ ግን የግድ ነው። ቡርጅ ኸሊፋ በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀ፣ 828 ሜትር የሚረዝም፣ ትኬት ለቆረጠ 124ኛውና 125ኛው ፎቅ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይበት ሕንጻ ነው። ገንዘብ የበዛበት 148ኛው ድረስ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልይ ያለም ይጨምራል። የእኛ ጎብኚ የትኬቱን ዋጋ ወደ ብር መትቶ ትንሽ አሰበና የማይረታ ክርክር አቀረበ፦ «ላይ ከወጣን እኮ ፎቁ አይታይም!» እውነቱን ነው። ፎቅ የሚታየው ከታች ነው።

ከታች እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። ባል ድንጋይ ንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ስልኩን ደረቱ ላይ አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስት ቀይ ቀሚሷን ንፋስ እንዳይገልበው በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ፀጉሯን ወደ ኋላ ትመልሳለች። አላፊ አግዳሚው ባልን እየተራመደው ያልፋል።

«ጫፉ ገባ?»

«ጫፉማ ገብቷል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ከአንገት በላይ ቀርተሻል።»

«እንዴ! ታዲያ ምኑን አነሳኸው?»

«ፎቁን ነዋ! አንቺን አገር ቤትም አነሳሻለሁ።»

ከብዙ ድካም በኋላ ሁለቱም የገቡበት አንድ ፎቶ ተገኘ፤ ሚስት የጥርስ ስቲኪኒ አክላ፣ ፎቁም ጎብጦ። ወዲያው ስቶሪ ላይ ተለጠፈና ቀሪው ምሽት ማን አየው፣ ማን አይቶ ዝም አለ በሚለው ጥናት ተዋጠ። አይተው ዝም ያሉት ከአድናቂዎቹ ይልቅ ይቆጠራሉ፤ ስማቸውም ይያዛል።

ስለ ባሕሩ እንጠይቅ ካላችሁ፣ ባሕሩ ታይቷል። ዱባይ ሞል ውስጥ 10 ሚሊዮን ሊትር ውኃ የያዘ፣ ሻርክ የሚመላለስበት የመስታወት ገንዳ አለ፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ ፎቶ መነሳት በነጻ ነው። አየር ማቀዝቀዣ አለው፣ አሸዋ ጫማ ውስጥ አያስገባም። እውነተኛው ባሕር ጁሜይራ ዳርቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ እሱም ነጻ ነው፤ ግን ማንም ስለማይሸጠው ጥቅሉ ውስጥ አልገባም። ሌላኛው ሞል ደግሞ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የበረዶ ሸርተቴ አለው። አዲስ አበባ ላይ ሐምሌን በሁለት ጋቢ ያሳለፈ ሰው፣ በረሃ መካከል ገንዘብ ከፍሎ ካፖርት ተከራይቶ ሲንቀጠቀጥ ማየት ልብ ይነካል። በረሃውም ታየ፤ መኪናው አሸዋው ላይ አንገጫገጫቸው፣ አንደኛዋ አስመለሳት፣ ግመል ላይ ተወጣ፣ ተወረደ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ወደ ሊስቱ።

ሊስቱ ከጉዞው በፊት የተጻፈ፣ በጉዞው ውስጥ የሚያድግ፣ ከጉዞው በኋላም የማይዘጋ ሰነድ ነው። ሁሉም የሚጀምረው «አንዲት ትንሽ ነገር ናት» በሚል ነው። ለሙሽሪት ቬሎ፣ ለአጎት የጉልበት ቅባት፣ ለመሥሪያ ቤት ልጆች ሽቶ («ኦሪጅናሉን!»)፣ ለጎረቤት የጁስ መፍጫ፣ ለሌላዋ ጎረቤት ያንኑ የጁስ መፍጫ፣ ግን ከዚያኛው ከፍ ያለውን። እና ብርድ ልብስ። ያ ባለ አበባው፣ በዚፕ ከረጢት የሚመጣው፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆነው የዱባይ ብርድ ልብስ።

«እትዬ፣ ኪሎ የለንም እኮ።»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ብርድ ልብስ ምን ኪሎ አለው? ጨርቅ አይደል እንዴ!»

አደራ ተቀባይ እንግዲህ ናይፍና ድራጎን ማርት የሚባሉትን ገበያዎች ያስሳል። ቀለሙን በቪዲዮ ጥሪ ያሳያል፤ «ከሱ ጠቆር ያለ የለም?» ይባላል፤ ጠቆር ያለውን ያሳያል፤ «በቃ የመጀመሪያውን» ይባላል። ከቻይና ተነስቶ ጀበል አሊ ወደብ የገባ ዕቃ በኮንቴይነር ተጭኖ፣ በጅቡቲ አልፎ፣ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ግን ለነጋዴ ማን ይተዋል? ኮንቴይነሩ የሠራውን ሥራ በትከሻቸው ይደግሙታል። የሎጂስቲክስ ተማሪዎች ጥናት ቢሠሩባቸው ጥሩ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት ልጅ አለች። የአክስት ልጅ ትሁን የሰፈር ልጅ፣ የሁሉም ጎብኚ ፕሮግራም ውስጥ ትገኛለች፤ ሰው ቤት የምትሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ማዳም ከፈቀደች፣ የምትወጣ። ያችን አንድ ቀን ለእንግዶቿ ሰጠች። ገበያውን የመራቻቸው እሷ፣ ከነጋዴው ጋር በዐረብኛ የተከራከረችላቸው እሷ፣ የሽሮውንም ሒሳብ «እናንተማ እንግዶቼ ናችሁ» ብላ የከፈለችው እሷ ናት። ማታ ስትሰናበታቸው ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አወጣች፦ ለእናቷ የገዛችው ሻርፕና የደም ግፊት መለኪያ።

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ ኪሎ ሞላብን እኮ። በሚቀጥለው ሰው ላኪላት፣ እሺ?»

እሺ አለች። እኔ በዚህ ቁርጠኝነት እደነቃለሁ። ሁለት የጁስ መፍጫ ተሸክሞ አንድ ሻርፕ እምቢ ማለት የሚችል ሰው ትልቅ ኃላፊነት ላይ ቢቀመጥ አገር ይጠቅማል።

ኤርፖርት ላይ የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሚዛኑ 23 ኪሎ ይላል፣ ሻንጣው 31። ሻንጣው መሬት ላይ ተዘርግፎ የቤተሰቡ ምስጢር በሙሉ ለሰልፈኛው ይታያል። ቅባቱ ከቬሎው ጋር፣ ጫማው ሽቶ ውስጥ። ባል ሦስት ጃኬት ደራርቦ ለበሰ፤ ኪሶቹን በቻርጀር ሞላ። ሚስት ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ላቧ እየወረደ፣ የበረዳት መሰለች። ከዚያ የተቀደሰችው ጥያቄ ትመጣለች፤ ለማያውቁት ሰው፣ በለሆሳስ፦ «እህት፣ ኪሎ አለሽ?» የማያውቁትን ዕቃ በስም ማሳለፍ እስር ቤት ሊያስገባ እንደሚችል ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የሚያነብ ቢኖር!

አገር ቤት ሲገባ ባል የልማት ባለሙያ ሆኗል። ቡና ተፈልቶ ዘመድ ተሰብስቦ ትንታኔው ይጀምራል፦ «ሼኩ በአሥር ዓመት ነው በረሃውን እንደዚያ ያደረጉት! ነዳጅ ነው ጌታዬ፣ ነዳጅ!» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ዱባይ ነዳጅ ያገኘችው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። የያኔው የከተማዋ ገዥ ሼክ ራሺድ ከዚያ በፊት፣ ክሪኩ በደለል ተሞልቶ ጀልባ አላስገባ ሲል፣ ከኩዌት ተበድረው አስጠርገውት ነበር፤ ንግዱ የመጣው በዚያ ነው፤ የጀበል አሊ ወደብም በ1979 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ያንኑ ንግድ ተከትሎ ነው። ይህ ሁሉ ያለው በ1 ድርሃም በምትሻገረው ውኃ ዳር ነበር። ተናጋሪያችን ግን ከሥፍራው በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ርቀት ላይ ሽሮ በልቶ የተመለሰ ሰው ነውና፣ ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

«ባሕሩስ እንዴት ነው?» አሉ ሽማግሌ አባት ከጥጉ።

«ኧረ አባዬ፣ ሻርክ ሁሉ አለው! በመስታወት ነው የሚታየው።»

«ባሕሩ?»

«አዎ። በጣም ንጹሕ ነው።»

ጎረቤትየዋ በዚህ መሐል ጫማዋን ለክታ ጨርሳለች። ተረከዟ አልገባም።

«38 ብዬሽ አልነበር?»

«ወይኔ፣ 37 ሆኖ ነው? እዚያ ትልቅ መስሎኝ።»

«ምንም አይደል እቴ፣ አትጨነቂ። ባይሆን ለፋሲካ የእነ እንትና ልጆች ይሄዳሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ይዘውት ሄደው ይቀይሩልኝ። አንዲት ትንሽ ነገር ናት በያቸው።»