የቀበሪቾ ጭስና የላቦራቶሪ ውጤት
ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ የመድኃኒት ዕፅዋት ሥሮች ቫይረስን እንደሚገድሉ «ተረጋግጧል» ይላል፤ አባባሉ ግን ማስረጃውን ቀድሞ ሄዷል። ሊኮሪስ ከተባለው ጣፋጭ ሥር የሚገኘው ግሊሲሪዚን የሳርስን (የከባድ መተንፈሻ አካል በሽታን) ቫይረስ መራባት መግታቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመን ውስጥ የታየው በላቦራቶሪ ባደጉ ሴሎች ላይ እንጂ በታማሚ ላይ አልነበረም፤ ለዚያውም በከፍተኛ መጠን ነው፣ ሰው ሲያበዛው ደግሞ ፖታሲየምን ቀንሶ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከእኔ በፊት «ቀበሪቾም ያው ነው» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ ስድስት ኪሎ ባለው ቤታችን እናቴ ጉንፋን በገባ ቁጥር ሥሩን ሰንጥቃ ከሰል ላይ ታጨሳለች፣ ሽታውንም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ተመራማሪ በአልኮል ዘፍዝፎ የሚያወጣው ንጥረ ነገርና ጋቢ ተከናንበን የምንስበው ጭስ በይዘታቸው አንድ አይደሉም። ቀበሪቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ተክል እንደመሆኑ፣ ሥሩ ተቆፍሮ ሲወጣ ተክሉም አብሮ መጥፋቱን ጸሐፊው ሳያነሡት ማለፋቸው አስገርሞኛል።