ውዳሴ ለሰማያዊዋ ፓፍ

የአስምን ሕክምና በአንዲት ሰማያዊ ፓፍ፣ በዚያች ተጭነው በአፍ በሚስቧት የመድኃኒት ዕቃ፣ ጠቅልላችሁ ለጨረሳችሁ ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ! ሐኪሙ ሁለት አዘዘ፤ እናንተ ግን የምትረባዋን ለይታችሁ ያዛችሁ። ሰማያዊዋ፣ ሳልቡታሞል፣ የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ ታፍታታለች፤ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽ መለስ ይላል። ሁለተኛዋ፣ ያቺ ስቴሮይድ ያለባትስ? የቧንቧውን እብጠትና ቁጣ እስክታበርድ ቀናት፣ ሲብስም ሳምንታት ትፈልጋለች። ስትስቧት ምንም የማይሰማችሁን ነገር ጠዋት ማታ መሳብ የሞኝ ሥራ ነው። መሳቡ ቀርቶባት መሳቢያ ውስጥ ትተኛ!

ሰማያዊዋ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይታ ስትለቅ ደግሞ መሳብ ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይደልቃል፤ ያለዚያማ መሥራቷ በምን ይታወቃል? ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሳልቡታሞል ብቻዋን አትበቃም» ይላል። በዓመት 3 ፓፍ መጨረስ አስሙ ሊባባስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፣ 12 ደግሞ ከሞት አደጋ ጋር ይያያዛል ይባላል። በወር አንድ የሚጨርስ ሰው 12 መድረሱን ቁጭ ብሎ ሊደምር ነው እንዴ?

አሳሳቡማ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። አንዱን አይቼዋለሁ፤ አልነቀነቃት፣ አስቀድሞ አየር አላስወጣ፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ ሁለቴ በላይ በላዩ ተጫናት። ጉሙ በአፉ ጥግ ተመልሶ ወጣ፣ የቀረውን ምላሱ ጠጣው፣ ለሳንባው ወሬው ደረሰው። ቀስ ብሎ በጥልቀት መሳብ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ? ዋናተኛ አደረጋችሁት እንዴ!

አጠገቡ የቆመችው ነርስም ጨዋ ነበረች። «አጠቃቀሙን ታውቀዋለህ አይደል?» አለችው። «አዎ!» ካርዱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ብላ ፈረመች። «እስኪ ሳብና አሳየኝ» ማለት ሰውን መዳፈር ነዋ። ስፔሰር፣ ያን በፓፏና በአፍ መካከል የሚገባ ቱቦ፣ ማምጣትማ ዕቃ ማብዛት ነው። ከስቴሮይዷ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋትንም አላነሳችበትም፤ ምላሱ ነጭ ሲያወጣ መድኃኒቱን ወቅሶ ይተዋታል፣ በዚያው ተገላገለ።

ከሁሉም የማደንቀው ግን ያን ተረኛ ነው። ሌሊቱን ሲያፏጭ ያደረ ደረት ድንገት ዝም ሲል «ተሻለው» ብሎ ጻፈ። በሽተኛው አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶታል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አየር ካልገባ የሚያፏጭ ነገር ከየት ይምጣ? ተረኛው ግን መብራቱን ቀነስ አደረገለት፣ እንዳይረበሽ።