የቆርኪዋ ንግሥት

እሑድ ከሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ ከብሎካችን ሥር ካለችው ጀበና ቡና፣ ያሸነፍኩትን ቼዝ አቻ ወጣሁ። ተጋጣሚዬ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። የተሸነፈ ቡና ይከፍላል ተባብለናል።

ንጉሣቸው ብቻውን ቀርቷል። እኔ ንግሥትም ወታደርም አለኝ። በንግሥቲቱ ብቻ መጨረስ እችል ነበር። ግን ሰው ከቦናል፤ ወታደሬን ዳር አድርሼ ሁለተኛ ንግሥት አነገሥኩ። ትርፍ ንግሥት ስለሌለ የቢራ ቆርኪ ተሾመች። ሁለት ጊዜ ካዋከብኳቸው በኋላ ቆርኪዋን ሲ 7 ላይ አሳረፍኳት። ጋሼ ንጉሣቸው ኤ 8 ላይ፣ ጥጉ ውስጥ ነው። ቼክ አልተባሉም። የሚረግጡት ካሬ ግን የለም።

«ስቴልሜት! አቻ ነው ልጄ» አሉና ስኒያቸውን አነሱ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሠራዊቱ አልቆ፣ ንግሥቱ ተበልታ፣ ጥግ የተሸጎጠ ንጉሥ ከእኔ እኩል ግማሽ ነጥብ ይካፈል? በዳማ እንኳ መሄጃ ያጣ ተሸነፈ፣ አለቀ። በቻይናዎቹ ቼዝ፣ በሺያንግቺም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1894 እስከ 1921 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር ራሱ፣ መውጫ ያሳጣው ሰው ከግማሽ ከፍ ያለ ነጥብ ይገባዋል ይል ነበር። ማን ሰምቶት!

አባቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉ ነበር። ከተረት ሁሉ ይህን እወዳለሁ። አንድ ቢሮ አንዲት ማኅተም ፍለጋ ለሁለት ወር ስመላለስ በልቤ ስደግመው ከርሜያለሁ። እሺ አይሉህም፣ እምቢም አይሉህም። «ሲስተም የለም» ይሉሃል። እምቢ ቢሉኝ እኮ አቤት የምልበት አላጣም።

ጋሼም ያው ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ለውኃ ፓምፕ አዋጡ ተባልን። ሁላችን ከፈልን። እሳቸው እምቢ አላሉም፤ «እከፍላለሁ» አሉ። ጡረታ ሲገባ፣ ልጃቸው ስትልክ፣ ፋሲካ ሲያልፍ። ሦስት ፋሲካ አለፈ። ውኃው ግን እሳቸው ቤት ይወጣል፤ ቧንቧ የከፈለውን ካልከፈለው አይለይ! ስብሰባ ሲጠራ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለቼዝ ግን አራት ፎቅ ይወርዳሉ።

አጠገባችን የቆመ ጎረምሳ ደግሞ «ሕጉ ከተቀየረ አንድ ወታደር የተረፈችው ሁሉ ሊያሸንፍ ነው፤ የመጨረሻው ጨዋታ ጥበብ ይሞታል» ብሎ ጥልቅ አለ። ማን ጠየቀው? እውነቱን ነው፤ ግን ማን ጠየቀው?

ለነገሩ እኛ የራሳችን ጨዋታ ነበረን። የአባቶቻችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው ይጀምራል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ብሎ ነገር የለም፤ ሁለቱም ባንዴ ያንቀሳቅሳሉ። ጨዋታው ጠፋ ሲሉ እስቃለሁ። ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ወደ ሰፈራችን የሚመጣ ታክሲ በሩን ሲከፍት አይታችኋል? ሰልፉ የታለ? አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ዘንቢል የያዘች፣ ሁሉም እኩል ይንቀሳቀሳል። እኔም በክርኔ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሕጉ። ማታ በስልኬ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? እንግሊዝ አገር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ በስቴልሜት የሚሸነፈው ተቃራኒውን መሄጃ ያሳጣው ሰው ነበር። ማለትም እኔ። ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም።

ሂሳቡ? ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱ። ቦርሳቸውን ላይ ረስተውታል። ሊፍት የለም፣ ጉልበታቸው ደግሞ ታውቃላችሁ። የሁለታችንንም ከፈልኩ።

«ምን ቸገረህ ልጄ» አሉኝ ሲነሱ፣ «ሁለት ንግሥት ያለው ሰው ሁለት ቡና ያቅተዋል?»